ጎርፉን ያየ ይጩህ

መምህር ሲራጅ መሞቱን የልጅ ልጄ ዘነቡ የነገረችኝ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ቆሜ ለፍየሏ ውሃ ስቀዳ ነው። "አያቴ፣ መምህር ሲራጅ ዛሬ ጠዋት ደሴ ሆስፒታል አረፈ" አለችኝ። ቁጭ በይ አላለችኝም። ሽማግሌ አላስከተለችም። በእኔ ቤት መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በመጣበት ሰዓት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጎረቤቶቼ ጭካኔ ነው ይላሉ። ይበሉ።

ዘነቡ ቀጠለች። "ጎብዬ ያለችው እህቱ ከድጃ ግን ገና አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ ቅሬው ሄዶ ያረዳታል። እስከዚያ ማንም ወደዚያ እንዳይሄድ ብለዋል።"

"እሺ።"

"አንቺን በስም ጠርተው ነው ያሉት፣ አያቴ። 'ብርቄን ያዙልን' አሉ።"

ቅሬ እኛ ወሎዎች እስላም ክርስቲያን ሳንል የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። ዳኛ አለው፣ ሥርዓት አለው። ከሥርዓቱ አንዱ መርዶ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዱ በድንገት እንዳይሰማ መንደሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ዘመድ የሞተባት ሴት ገበያ ትወጣለች፣ ትስቃለች፣ ትከራከራለች። የሚያናግሯት ሁሉ ያውቃሉ። እሷ ብቻ አታውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ በሯ ሲንኳኳ ደጇ በሰው ተሞልቶ ታገኘዋለች። ስሜ ለምን እንደተጠራ እንዲገባችሁ ስለ ሲራጅ ልንገራችሁ።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ አገባሁ፣ አቆምኩ። ልጆቼን ድሬ፣ ባሌን ቀብሬ ሳበቃ፣ ትምህርት ላቋረጡ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ተከፈተ ሲባል ሄድኩ። ከእኔ ጋር ባጃጅ ነጂው አሊ፣ ሻይ የምትሸጠው ፋጡማ፣ ሌሎችም ነበሩ። አማርኛ የሚያስተምረን ሲራጅ በልጄ ዕድሜ ስለነበር "መምህር" እያልኩ "አንተ" እለው ነበር። እሱ "እማማ ብርቄ፣ አንቱ" ይለኝ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን የቆቦ ሙቀት ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው ደርሶ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ "ጋቢ ሳትይዙ መጥታችሁ ብርዱ እንዳይጎዳችሁ ሰግቻለሁ" አለን።

እኔ እጄን አላወጣሁም። "ለምን ትዋሻለህ?" አልኩት።

ክፍሉ ደነገጠ። እሱ ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ጠመኔውን ግን በሁለት ጣቱ መካከል ያሽከረክራል። "ዋሸሁ እንዴ እማማ?"

"ላብህ እየፈሰሰ ብርድ ነው ትላለህ።"

"ላቤን አይተውታል?"

"ዓይን አለኝ።"

"እንግዲህ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም ማወቅዎን አውቃለሁ። የተታለለ ሰው አለ?"

አሰብኩ። የተታለለ ሰው አልነበረም። "ይህ ምፀት ይባላል" አለ፤ "አፍ አንዱን ይላል፣ ሁለታችንም ሌላውን እንሰማለን።"

"አሽሙር ነው በለኛ።"

"አሽሙር ሰው ለመውጋት ነው። ምፀት መውጋትም ይችላል፣ ማሳቅም ይችላል፣ ማስለቀስም ይችላል። ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቱን አያለሁ። ጠመኔው ከተሽከረከረ የሚናገረውን ገልብጬ እሰማዋለሁ። አሊ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ሲገባ፣ "አሊ፣ ምነው እንዲህ ማልደህ? በሩን እንኳ አልከፈትን" ይለዋል። አሊ ደግሞ ያለ "ወላሂ" አንድ ቃል አይወጣውም። "ወላሂ መምህር፣ ወላሂ ተሳፋሪ ይዤ ነው፣ ወላሂ!" እንስቃለን።

ሁለተኛውን የምፀት ዓይነት ያስተማረን በእኔ ባል ታሪክ ነው። ባሌ አሰፋ ዝናብ የጠፋ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ለታቦትም ለአውልያም ተሳለ። አንድ ቀን ከላይ ከደጋው ዘነበ። እኛ ማሳ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ እንደ ሸማ የነጣ ነው። ጎርፉ ግን በደረቁ ወንዝ መጥቶ አሸዋው ላይ የታሰረውን በሬያችንን ይዞት ሄደ። ይህን ስነግረው ሲራጅ፣ "ዝናብ የለመነ ሰው በዝናብ ከሰረ። ይህን ማንም በአፉ አልተናገረውም፤ ነገሩ ራሱ ነው የተገለበጠው። የሁኔታ ምፀት ነው" አለ። ጠመኔውን አላሽከረከረም። "ለበሬው ግን አዝናለሁ፣ እማማ" አለኝ። ባሌ ሲሞት ብዙ ሰው አዝኖልኛል፤ ስለዚያ በሬ ግን ያዘነልኝ አልነበረም። ያኔ ነው የወደድኩት።

ሲራጅ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ለብቻው ያሳደገው አንድ ልጅ ነበረው፤ ኑሩ። እኔ ደግሞ የዘነቡ ታላቅ ወንድም ደሳለ ነበረኝ። ሁለቱ አብረው አድገዋል፤ ጎርፍ ባቆረው ውሃ ኑሩ እንደ ዓሣ ሲዋኝ ደሳለ ዳር ላይ ቆሞ ልብስ ይጠብቃል። እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ሁለቱም ጠፉ። በአፋር በኩል፣ በረሃውን አቋርጠው፣ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሳውዲ። ደሳለ ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። "አያቴ፣ ነገ ነው የምንሻገረው፤ አትስጊ፣ ውሃው የተኛ ነው" አለኝ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ክፍል ስገባ አሊና ፋጡማ ከግንቡ ጥግ ቆመው ይንሾካሾካሉ። "ኑሩ" የሚል ሰማሁ። ፋጡማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔን ሲያዩ እንደ ሌባ ደነገጡ።

"ኑሩ ምን ሆነ?" አልኩ።

አሊ የባጃጁን ቁልፍ ያገላብጣል።

"አሊ! አፍ የለህም?"

"ጀልባዋ ተገለበጠች፣ እማማ" አለ አሊ። "ኑሩ ሞቷል። ከጀልባዋ የተረፈ ልጅ ደውሎልኝ ነው። ለቅሬው ነግሬአለሁ። ልጁ ደርሶ ነገሩን በአካል እስኪያረጋግጥ ይቆይ፣ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እናርዳለን ብለዋል። መምህር አያውቅም። አደራ፣ አያውቅም።"

ክንዱን ያዝኩት። "ደሳለስ?"

አሊ ፋጡማን አየ። "ደሳለ በወባ ታሞ ከባሕሩ ወዲህ ቀርቷል። አልተሳፈረም። ስልኩ ተሰርቆበት ነው እንጂ ይደውል ነበር። እውነቴን ነው።"

"ተመስገን" አልኩ። ስለ ኑሩ እያለቀስኩ "ተመስገን" አልኩ። አሊ ወላሂ እንዳላለ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ልቤ ግን አላስገባውም። ይህን የምታነቡ ምናልባት አሁኑኑ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን እያወቅኩ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ገብተን ተቀመጥን። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ሲራጅ ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ ሰሌዳው ላይ "ሦስተኛው ምፀት" ብሎ ጻፈ። ወደ እኛ ዞረ።

"አንድ ሰው በደረቅ ወንዝ ውስጥ ይሄዳል" አለ። "ግመሉን እየነዳ፣ እየዘፈነ። ፀሐይ ነው። ልጁን ሊድር ነው፤ የሠርጉን እህል ጭኖ ነው የሚመለሰው። እኛ ታሪኩን የምንሰማ ግን ቅድም ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር አይተናል። እሱ ምን ያያል?"

ራሱ መለሰ።

"ፀሐይ ያያል። እኛስ?"

ውጭ ነፋስ ተነስቶ አቧራውን በመስኮቱ ያስገባ ነበር። ፋጡማ ራሷን ዴስኩ ላይ ደፋች።

"እኛ ጎርፉን እናያለን። እሱ እየሳቀ በተራመደ ቁጥር የእኛ ልብ ይጨነቃል። 'ዛሬስ የደስታዬ ቀን ነው' ሲል እኛ የምንሰማው ሌላ ነው። ቀልደኛ አይደለም፣ የሚናገረው ከልቡ ነው። ሰሚው የሚያውቀውን ባለቤቱ ሳያውቅ ሲቀር፣ ሦስተኛው ምፀት ይህ ነው።"

እኔ አልቻልኩም። ተነሳሁ። "ማነው የማይጮህለት?"

"ምን አሉ፣ እማማ?"

"በእኛ አገር ጎርፍ ሲነሳ ላይ ያለ ሰው ለታች ይጮኻል። እረኛው ለእረኛ፣ መንደሩ ለመንደር። ጎርፍ አይቶ ያልጮኸ ሰው እንደ ገዳይ ነው የሚታየው። በአንተ ታሪክ ውስጥ ተራራው ላይ የቆመ ሰው የለም?"

"አለ" አለ ሲራጅ። "ሰሚው ነው። ግን ሰሚው ከጮኸ ታሪኩ ያልቃል።"

"ይለቅ!" አልኩ። "ሰው እየሞተ ታሪክ ምን ያደርጋል? እኛ አውቀን እሱ የማያውቅ ከሆነ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግነት ብላችሁ አትጥሩብኝ።"

ይህን ያልኩት ለእሱ ሳይሆን ለአሊ፣ ለፋጡማ፣ ለቅሬው ነበር። ሲራጅ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እጁን አየሁ፤ ጠመኔው ቀጥ ብሎ ቆሟል። "ይለቅ" ብሎ ደገመው፤ ሰሌዳውን ጠረገና አሰናበተን።

እሁድ ትምህርት የለም ተባለ። እሁድና ሰኞ ሰው ሁሉ ለእኔ ደግ ሆነ። ጎረቤቴ ያልለመንኳትን ማሽላ አስፈጭታ አመጣችልኝ። ለስኳር ወረፋ ስቆም ከፊት አስገቡኝ። ሁለት ሴቶች እየሳቁ ሲያወሩ እኔ ስደርስ ሳቃቸው እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። የኑሩን ሞት ስለማውቅ፣ ከሚስጥሩ ስላለሁበት ያከበሩኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዱላዬን አነሳሁ። ወደ ሲራጅ ቤት በሚወስደው መንገድ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ግራሩ ሥር ተቀምጦ ነበር።

"ብርቄ፣ ወዴት ነው?"

"ልጮህ።"

"ተይ" አለ፤ ተነሳ። "ነገ ነው። አንድ ሌሊት ምን አለበት? ተይ፣ በእናትሽ።" ይመር ሲቆጣ ነው የማውቀው። ያን ቀን ግን አልተቆጣም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ እንባው ለሲራጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲራጅ የአጥሩን በር በሽቦ ያስር ነበር። በላስታ በኩል ያለው ተራራ ላይ ደመና ጠቁሮ ተቀምጧል፤ እኛ ላይ ፀሐይ ነው።

"መምህር፣ ፒንሳውን አስቀምጠህ ቁጭ በል" አልኩት።

"እርስዎ ይቀመጡ።"

"እኔ ቆሜ ነው የምናገረው። ጎርፍ አይቻለሁ።"

እጁ ቆመ። "ኑሩ ነው" አለ።

እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር። "ማን ነገረህ?"

"የተረፈው ልጅ መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው። ከአሊ በፊት።"

"እና ይህን ሁሉ ቀን? ቅዳሜ ያን ትምህርት ስታስተምር ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አላለቀስክም!"

"እኔ ካለቀስኩ፣ እማማ፣ አንቱ ለቅሶ ሊደርሱኝ ይመጣሉ" አለ። ሽቦውን ከጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታው። "እዚህ መጥተው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ከአንዱ አፍ ይሰማሉ። እንደዚያ እንዲሆን አልፈለግኩም። ቅሬው ረቡዕ ያለው ለሁለት በር ነው።"

"የምን ሁለት በር?"

"ቅዳሜ 'ይለቅ' ብለዋል። አሁንም ይላሉ?"

ያ ሁሉ ዱቄት፣ ያ ወረፋ፣ የይመር እንባ፣ የአሊ "እውነቴን ነው"፤ ሁሉም አንድ ላይ እንደ ጎርፍ ድምፅ ከሩቅ መጣብኝ። ዞር ብዬ መሄድ እችል ነበር። ነገ ንጋት ድረስ ደሳለ በወባ የታመመ ልጅ ሆኖ ይኖርልኝ ነበር።

"እላለሁ" አልኩ።

"በደረቁ ወንዝ የሚሄደው ሰው እኔ አልነበርኩም፣ እማማ ብርቄ" አለ ሲራጅ። "ደሳለም ሞቷል። አብረው ነበሩ። ኑሩ ዋና ስለሚችል ከጀልባዋ ወጥቶ ነበር፤ ደሳለን ሊይዝ ተመለሰ። ኢና ሊላሂ።"

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ዋና የሚችለው ዋና በማይችለው ሞተ። ሁለተኛው ምፀት። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ አሁን ነው የማስበው። ያኔ ያደረግኩት በዱላዬ ትከሻውን መምታት ነው። "ዘገየህ!" አልኩት። "ዘግይተህ ጮኽክ!"

"ዘግይቼ ጮኽኩ" አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ለቀቀው። እኔም ለቀቅኩ። መንደሩ ለረቡዕ ያዘጋጀውን ለቅሶ እኛ ማክሰኞ፣ በፀሐይ፣ ሁለታችን ብቻ ጀመርነው።

ሐዘኑ እንደወጣ ቅሬው ሲራጅን ጠርቶ አቆመው። "መርዶ የሽማግሌ ነው። ሥርዓት አፍርሰሃል" አለው ይመር በሰው ፊት። እኔ ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር። ሲራጅ ተነስቶ ቆመ። ጠመኔ አልያዘም፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ባዶ አየር ያሽከረክራሉ።

"ልክ ናችሁ" አለ። "አጥፍቻለሁ። ሌላ ጊዜ ልጄ ሲሞት አልደግመውም።"

ማንም አልሳቀም። ማንም አልቀጣውም። ይመር ራሱ አቀርቅሮ ቀረ።

እኔና ሲራጅ ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራክረናል። የያዘብኝን ቀናት ይቅር አላልኩትም፤ ይህንም ያውቃል። "እንዲያው ለእኔ ብለህ ነው፣ ግን ደሳለ ሞቶ እኔ ስስቅ አየኸኝ" እለዋለሁ። "አየሁዎት" ይላል። "ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።" አንድም ቀን አላስተባበለም። ለሰው የሚያምር ውሸት የሚነግሩ ብዙ ደጋግ ሰዎች አውቃለሁ። ሲራጅ በቀልድ ገልብጦ ይናገር ነበር እንጂ፣ ቀጥ አድርጎ መናገር ያለበት ቀን ሲመጣ ቀጥ አድርጎ የተናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ዘነቡ የሞቱን ዜና ከነገረችኝ በኋላ ባልዲዬን አስቀምጬ መንገድ ወጣሁ። አሊ አሁን ጢሙ ሸብቷል፤ ባጃጁ ግን ያችው ናት።

"ጎብዬ" አልኩት።

"ወላሂ አልወስድዎትም እማማ። ቅሬው ይቀጣኛል።"

"ይቅጣህ። አንተ ደግሞ ያልቀጣሁህ ዕዳ አለብህ።"

አንገቱን ሰበረ፤ ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ከግራ በኩል ተራራው ላይ ጥቁር ነገር ይሰበሰብ ነበር።

ከድጃ ደጇ ላይ ቁርበት ዘርግታ የዘር ማሽላ ትለቅማለች። የሲራጅ ታላቅ ናት፤ እንደ እኔ አርጅታለች። ሁለት ጎረቤቶቿ አብረዋት ናቸው፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸው አመድ ሆነ። እሷ ግን ሳቀች።

"ብርቄ! መጣሽ? ዛሬስ ደግ ቀን ነው። ሲራጅ ሻል ብሎታል አሉኝ፤ ሐሙስ ይወጣል። ተቀመጪ!"

ሁለቱ ሴቶች መሬት መሬቱን ያያሉ።

ለአፍታ ሳቋ አሸነፈኝ። ሐሙስን እንድትጠብቅ መተው ቀላል ነበር። ንጋት ላይ ሌሎች ይመጡላታል፤ እኔ ከብዙዎቹ አንዷ ሆኜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እቆማለሁ። ለምን እንደሚከብድ፣ ሲራጅ ያን ሁሉ ቀን ለምን እንደዘገየ፣ ያን ጊዜ ብቻ ገባኝ። ትከሻውን የመታሁበትን ዱላ አጥብቄ ያዝኩ።

"ከድጃ" አልኳት፤ "እኔን እዪኝ።"

ቀና አለች። ከማሽላው ላይ እጇ ቆመ።